የተጎዳች የዱር ርግብ ቤት ስትገባ፦ ካርቶን ይሻላል፣ ኬጅ ወይስ ክፍሉን መልቀቅ?

እስካሁን ሦስት የተጎዱ ርግቦች በእጄ አልፈዋል፣ ሦስቱንም ያስቀመጥኳቸው የተለያየ ቦታ ነው፣ አስቤበት እንዳይመስላችሁ፣ በሰዓቱ እጄ የገባው እሱ ስለነበረ ነው። የመጀመሪያዋን የሽቦ ኬጅ ውስጥ ከተትኳት፣ ወፍ ሲባል ኬጅ ነዋ የሚታየን። ጠዋት ተነስቼ ሳያት ከመንቁሯ በላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ተልጦ ደም በደም ሆኗል፣ ጭራዋ ላይ የቀረው ላባ ሁለት ነው፣ ለካ ሌሊቱን ሙሉ በሽቦው መሃል ልውጣ እያለች ስትታገል ነው ያደረችው። ስትመጣ የነበረባት ትንሽ የእግር ቁስል ነበር፣ እኔ ጋር አንድ ሌሊት አድራ ነው የባሰባት። ሁለተኛዋን "ነፃነት ይሰማት" ብዬ ሻወር ቤት ለቀቅኳት፣ እሷ ደሞ በርሬ አመልጣለሁ ብላ መስታወቱን ገጨችው። ነገሩ የገባኝ ሦስተኛዋ ላይ ነው፣ ቤት ውስጥ ምንም ስላልነበረ ተራ የጫማ ካርቶን ውስጥ ያስገባኋት ርግብ ከሁሉም ቀድማ ዳነች።

ካርቶን ጀግና ነው ብዬ ልጨርሰው ግን አልችልም፣ ሁለት ሳምንት ካርቶን ውስጥ የምትቀመጥ ርግብም ላባዋ ይበላሻል እግሯም ይታመማል። ሦስቱም ቦታ ቦታ አላቸው፣ ጥያቄው ስንተኛ ቀኗ ላይ ናት የሚለው ነው። ከታች እያወዳደርኩ የማወራው በዛ መልኩ ነው፣ ከቦታው ሌላ ደሞ ሁሌ የሚያከራክሩ ነገሮች አሉ፣ ማሞቂያ፣ በእጅ ማብላት፣ ክንፍ ማሰር፣ ሐኪም ጋር መሄድ ምናምን፣ እነሱንም አያለሁ።

ከማንሳታችሁ በፊት ግን

መሬት ላይ ያለች ርግብ ሁሉ የተጎዳች አይደለችም። ላባዋ ሙሉ የሆነ፣ ጭራዋ ግን አጠር ያለ፣ ጭንቅላቷ ላይ ቢጫ ፀጉር የመሰለ ነገር እዚም እዛም የቀረባት ከሆነች መብረር የምትለማመድ ልጅ ናት፣ እናትና አባቷ ቅርብ ሆነው እያዩ ነው፣ እዛው መሬት ላይ መጥተው ያበሏታል። መንገድ ላይ ከሆነች ወይ ድመት ካለ ቁጥቋጦ ስር ፈቀቅ አርጓትና ራቅ ብላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት እዩ። ደም ካለ፣ አንዱ ክንፍ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ ስትቀርቧት የማትሸሽ ከሆነ፣ ወይ ድመት አፍ ውስጥ ከነበረች ግን መጠበቅ የለም፣ አንሷት። አንድ ቦታ ላይ ብዙ የሞቱ ወፎች ካያችሁ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ምንም እንዳትነኩ፣ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል ለሚመለከተው አካል ነው የሚነገረው።

አያያዙ ላይ አንድ ነገር። ፎጣ ወይ ሹራብ ከላይ ጣል አድርጉባትና ሁለቱን ክንፎች ከሰውነቷ ጋር አብራችሁ በሁለት እጅ ያዙ፣ አይኗ ሲሸፈን ወዲያው ትረጋጋለች። በጭራ ወይ በአንድ ክንፍ ከያዛችኋት ላባው እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ርግቦች ሲደነግጡ ላባቸውን ለቀቅ የሚያደርጉበት ተፈጥሮ አላቸው፣ ጭልፊት ሲይዛቸው የሚያመልጡበት ዘዴ ነው። እጄ ላይ እፍኝ ላባ ቀርቶ ገደልኳት ብዬ የደነገጥኩበትን ቀን አልረሳውም። ግድ የለም፣ ከነስሩ የወጣ ላባ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። በመቀስ የተቆረጠ ወይ መሃሉ ላይ የተሰበረ ላባ ግን አሮጌው እስኪረግፍ ድረስ አይተካም፣ ስለዚ ለማፅዳት ብላችሁ የበረራ ላባ አትቁረጡ።

ካርቶን፣ ኬጅ፣ ክፍል

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፦ ካርቶን። እዚ ላይ አልደራደርም። ምክንያቱም የተጎዳች ወፍን ቶሎ የሚገላት ብዙ ጊዜ ቁስሉ ብቻ አይደለም፣ ድንጋጤውና ብርዱ ተደምሮበት ነው። ለሷ እኛ አዳኝ አውሬ ነን፣ ይቺ እውነት ትንሽ ታሳዝናለች ግን መዋጥ አለባት። "እዩዋት እንዴት ለመደችኝ፣ ዝም ብላ ስትታይ" የሚል ሰው ሳይ ያመኛል፣ ዝም ያለችው ፈርታ ነው፣ ርግብ ስትፈራ ድንጋይ ነው የምትሆነው። ካርቶን ጨለማ ነው፣ ግድግዳው አያሳይም፣ ክንፏን ለማራገብ ቦታ አይሰጥም፣ ብትገፋውም አይልጣትም። የተሰበረ አጥንት ካለ ደሞ ቦታ ማጣቷ ራሱ ህክምና ነው።

መጠኑ ቆማ መዞር የምትችልበት ክንፏን ግን ሙሉ መዘርጋት የማትችልበት ይሁን። አነስ ላለችው ዋኔ የጫማ ካርቶን ይበቃል፣ ለትልቋ የከተማ ርግብ ሰፋ ያለ ፈልጉ። የአየር ቀዳዳ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብሱ፣ እሷ ከመግባቷ በፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ ሹሉ ጠርዝ ወደሷ እንዳይሆን። ክዳኑ መዘጋት አለበት፣ አልነሳም ያለች ወፍ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጋረጃ ላይ ልታገኟት ትችላላችሁ። የካርቶን ጉድለቱ ቶሎ መርጠቡና መሽተቱ ነው፣ እሱ ደሞ ጉዳይ አይደለም፣ ጥላችሁ በሌላ ትቀይራላችሁ፣ ኬጅ እንደዛ አይደረግም።

ከሦስተኛ አራተኛ ቀን በኋላ ቆማ የምትሄድ፣ ራሷ የምትበላ ከሆነች ወደ ኬጅ ማሻገር ይቻላል፣ ግን ምን አይነት ኬጅ? ከሁሉም የሚሻለው ጎኑ ጨርቅ ወይ ለስላሳ መረብ የሆነው ድመትና ትንንሽ ውሻ የሚጓጓዝበት አይነት ነው። ሁለተኛ ደረጃ የፕላስቲክ የእንስሳ ማጓጓዣ፣ ጎኑ ድፍን በሩ ብቻ ሽቦ የሆነው። የሽቦ ኬጅ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እሱ ብቻ ካለ ከውስጥ በኩል ሦስቱን ጎን በካርቶን ወይ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፣ ከላይም ጭምር፣ ምክንያቱም ርግብ ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትተኮሰው። ወደ ላይ የረዘመ ጠባብ ኬጅ ከሚያምረው ነገሩ ውጪ ለርግብ ምንም አይጠቅማትም፣ ርግብ እንደ በቀቀን በሽቦ አትወጣጣም፣ ወለል ላይ የምትንቀሳቀስ ወፍ ናት፣ ስለዚ ወርዱ ሰፊ የሆነውን ምረጡ። መቆሚያ ከሰጣችኋት ደሞ ከወለሉ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ይሁን፣ የተጠቀለለ ፎጣ ወይ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል።

ኬጅ ውስጥ ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር የሌሊት ድንጋጤ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በር ጓ ሲል ወይ የመኪና መብራት በመስኮት ሲያልፍ ርግብ ብትት ብላ ግድግዳውን ትደበድባለች፣ የት እንዳለች ማየት ስለማትችል ማቆሚያ የለውም። ጠባቡ ካርቶን ውስጥ ለዚ ቦታ የላትም፣ ኬጅ ውስጥ ግን አላት፣ ስለዚ ከኬጁ ራቅ ያለች ደብዛዛ መብራት ሌሊቱን በርታ ትደር።

ክፍል መልቀቅ የመጨረሻው ነው፣ እሱም ለማረፊያነት ሳይሆን ለበረራ ልምምድ። ክንፏ ድኖ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ባሉት ቀናት፣ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ለአስር አስራ አምስት ደቂቃ። ከመክፈታችሁ በፊት መጋረጃ ዝጉ፣ መስታወት በጨርቅ ሸፍኑ፣ ቬንትሌተር አጥፉ፣ ባልዲና የሽንት ቤት መክደኛ ዝጉ፣ ከቁምሳጥን ጀርባ ያለውን ክፍተት በትራስ ወትፉ፣ ርግብ እዛ ከገባች ቁምሳጥኑን ነው የምታነሱት። ድመትና ውሻ "የኛ ጨዋ ነው" ብትሉም ከበር ውጪ፣ በሩም ይቆለፍ። ወጥ ቤትን ደሞ ከነጭራሹ ከሃሳባችሁ አውጡት፣ የፈላ ውሃውና እሳቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ለኛ ሳይታወቀን ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገል ይችላል፣ የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም።

የሚነጠፈው

ጋዜጣ ርካሽ ነው ግን ያዳልጣል፣ ደካማ ርግብ እግሯ ወደ ጎን እየሸሸ ትንፈራጠጣለች። ክር የወጣለት ፎጣ ጥፍሯን ይይዛል። ለኔ ከሁሉም የተሻለኝ ከታች ጋዜጣ፣ ከላይ ክር የሌለው ያረጀ ቲሸርት ወይ የወጥ ቤት ሶፍት ነው። ድርቆሽና ሰጋቱራ ተዉት፣ አቧራው ለሳንባዋ አይሆንም፣ ኩሷም አይታይም። ኩሷን ማየት አለባችሁ፣ እዛ ላይ እመለሳለሁ።

ማሞቂያ፦ ጠርሙስ፣ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ወይስ አምፖል

የርግብ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከኛ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚ ጤነኛ ርግብ ስትያዝ እጃችሁን ታሞቃለች። እግሯ ቀዝቅዞ ከተሰማችሁና ላባዋን ነፍታ እንደ ኳስ ከሆነች በርዷታል፣ የበረዳት ወፍ ደሞ ምግብ አትፈጭም፣ ከመሞቋ በፊት ማብላት ይጎዳታል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሙቀት፣ ከዛ ውሃ፣ ከዛ ምግብ።

የሞቀ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ በካርቶኑ አንድ ጎን ሲቀመጥ ሁሉም ቤት የሚገኝ፣ የማያቃጥል፣ ለጀማሪ የሚሆን ነገር ነው፣ ችግሩ በሁለት በሦስት ሰዓት ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ደሞ ተገልብጦ ሙቀቷን ይስባል። ሌሊት ተነስታችሁ የማትቀይሩ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ይሻላል፣ ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ከካርቶኑ በታች፣ ከውስጥ ሳይሆን፣ ግማሹን ወለል ብቻ እንዲነካ አድርጉት፣ ግማሹ ቀዝቃዛ ከሆነ ሲሞቃት ራሷ ፈቀቅ ትላለች። መንቀሳቀስ ለማትችል ወፍ ግን ይሄ "ፈቀቅ ትላለች" የሚለው አይሰራም፣ እጃችሁን እየሰደዳችሁ እዩላት። አምፖል አልወደውም፣ ብርሃኑ እረፍት ይነሳታል፣ ካርቶን አጠገብ ደሞ እሳት ነው። አፏን ከፍታ ካለከለከች ሞቋታል፣ ወዲያው አንሱት።

ውሃና ምግብ፦ ራሷ ትብላ ወይስ እናብላት

እዚ ጋር ነው ሰው በደግነት ብዙ ርግብ የሚገለው። ውሃ በጠብታ ወይ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ አትጨምሩ። የመተንፈሻ ቱቦዋ መክፈቻ ያለው ምላሷ ስር ነው፣ መሃል ላይ፣ አፏን ስትከፍቱ ቀዳዳዋ ትታያለች፣ የምታፈሱት ውሃ ቀጥታ እዛ ነው የሚገባው።

ርግብ ደሞ እንደ ዶሮ ጎንጨት አድርጋ አንገቷን ወደ ላይ አታነሳም፣ መንቁሯን ነክራ እንደ ስትሮው ትስባለች። ስለዚ ክዳን ላይ የተደረገች ስስ ውሃ አትጠቅማትም፣ ሁለት ሦስት ሳንቲም ጥልቀት ያለው፣ ከበድ ያለና የማይገለበጥ እቃ ያስፈልጋል። ካልጠጣች የመንቁሯን ጫፍ ብቻ፣ አፍንጫዋ ሳይነካ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ንከሩና ጠብቁ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዛ ጉሮሮዋ ስር ያለው ቆዳ እርግብ እርግብ ማለት ሲጀምር ታዩታላችሁ፣ ሦስተኛዋ ርግቤ እንደዛ ሳትነሳ ለረጅም ጊዜ ስባ ስትጨርስ ራሷን ነቅንቃ ፊቴ ላይ ረጨችው፣ ያኔ ነው ትድናለች ብዬ ያመንኩት። ራሷን ስታ የምትንገዳገድ ወይ አንገቷን ቀና ማድረግ ያቃታት ወፍ ግን ውሃም አትስጧት፣ የሐኪም ስራ ነው።

ምግቡ ጥሬ እህል ነው። ማሽላ፣ ስንዴ፣ የተከካ በቆሎ፣ ምስር፣ አተር፣ ሱፍ ትንሽ። ዳቦ ሆዷን ይሞላል እንጂ አይመግባትም፣ ወተት አይፈጭላትም፣ ጨው ያለበት ነገርና አቮካዶ ደሞ መርዝ ነው። በቀን የምትበላው ከክብደቷ አንድ አስረኛ አካባቢ ነው፣ አንድ 120 ግራም የምትመዝን ዋኔ 12 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ሾርባ ማንኪያ አንድ ሞልቶ። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ በየቀኑ ጠዋት ከመብላቷ በፊት መዝኑ፣ ከአይን ይልቅ ቁጥር አይዋሽም፣ ሲወርድ የሰነበተ ክብደት ማለት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ የደረቷን መሃል አጥንት በጣት ዳስሱ፣ ሥጋ ከግራና ከቀኝ ሞልቶ ካገኛችሁት ደህና ናት፣ እንደ ቢላ ጀርባ ሹል ሆኖ ከወጣ ለቀናት ሳትበላ ቆይታለች።

ሁሌም መጀመሪያ ራሷ እንድትበላ ዕድል ስጧት። እህሉን ሰሃን ላይ ብቻ ሳይሆን ወለሉ ላይም በተን አድርጉ፣ ዱር ውስጥ ሰሃን የለምና ምን እንደሆነ አታውቅም። ጨለማ ውስጥ ደሞ አትበላም፣ ስለዚ ቀን ላይ ክዳኑን በስስ ጨርቅ ቀይራችሁ ከክፍሉ ውጡ። ቆማችሁ ካያችኋት አትነካውም፣ እኔ በስልክ ካሜራ ነበር የምከታተላት። አንዳንዴ በጣት ጥፍር እህሉን ቶክ ቶክ ማድረግ ሌላ ወፍ የምትለቅም ይመስላትና ትጀምራለች፣ አትሳቁ ሰርቶልኛል።

24 ሰዓት ሙሉ ሞቃና ጠጥታ ምንም ካልለቀመች ያኔ በእጅ ማብላት ይመጣል። ከፍሪዘር የወጣ አረንጓዴ አተር በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በረዶው ሙሉ በሙሉ ሲለቅና ለብ ሲል፣ ወፏን በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭን ላይ፣ በአንድ እጅ መንቁሯን ከጎን ቀስ አድርጎ ከፍቶ አንድ ፍሬ ከምላሷ ኋላ ማስቀመጥና መልቀቅ፣ ራሷ ትውጠዋለች። አንድ ፍሬ፣ ዋጠች፣ ሌላ ፍሬ፣ ቸኮላችሁ ሁለት አትክተቱ። ለትንሿ ዋኔ በአንድ ጊዜ አስር ፍሬ አካባቢ ይበቃል፣ ለትልቋ ርግብ ከሃያ እስከ ሰላሳ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ጉሮሮዋ ስር ደረቷ ላይ ያለችው የእህል መያዣ ከረጢት ስትዳሰስ አተሩ ይቆጠራል፣ ባዶ ሳይሆን ደግማችሁ አትመግቡ። ጠዋት ላይም የማታው እንዳለ ካለ አቁሙና ሐኪም ጋር ውሰዷት። ጥቅሙ ሕይወት ያተርፋል፣ ጉዳቱ በተያዘች ቁጥር ትደነግጣለች፣ ስለዚ ራሷ መልቀም በጀመረች ቀን እናንተም እጃችሁን ሰብስቡ።

ገና ላባ ያልሸፈናት ጫጩት ከሆነች ይሄ ሁሉ አይሰራም። የርግብ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትኖረው እናትና አባቷ ሁለቱም ከዛች ከረጢት በሚያመነጩት ወተት መሰል ነገር ነው፣ እሱን ቤት ውስጥ መተካት ልምድ ይጠይቃል። አሙቃችሁ ለሚያውቅ ሰው አድርሱ።

አሁን ኩሱ። ጤነኛ የርግብ ኩስ ጠጠር ያለ፣ ቡናማ ወይ አረንጓዴ ድቡልቡል ሆኖ ላዩ ላይ ነጭ አለው። ጥቂት፣ ውሃ የበዛበት፣ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሆዷ ባዶ ነው ማለት ነው፣ የምታዩት ሐሞት ነው። "እህሉ ቀንሷል እኮ" እንዳትሉ፣ በትና ሊሆን ይችላል፣ ኩስ ቁጠሩ።

ክንፍ እንሰር ወይስ እንተው

ብዙ ሰው የተንጠለጠለ ክንፍ ሲያይ እጁ ወደ ፋሻ ይሄዳል። የኔ ሃሳብ፣ ሐኪም ካላሳያችሁ በስተቀር አትሰሩ። ወፍ እንደኛ ዲያፍራም የላትም፣ የምትተነፍሰው ደረቷ ወደ ውጪ ሲወጣና ሲገባ ነው፣ ደረቷን ዙሪያ ጥብቅ ያለ ፋሻ አደረጋችሁ ማለት ትንፋሿን አሰራችሁ ማለት ነው። ላላ ካላችሁ ደሞ እግሯ ይገባበታል። ብዙ ቀን የታሰረ መገጣጠሚያም ደርቆ ይቀራል፣ አጥንቱ ድኖ ክንፉ አይዘረጋም። ጠባቡ ካርቶን የፋሻን ግማሽ ስራ ይሰራል ያልኩት ለዚ ነው፣ ትከሻ አካባቢ ላለ ጉዳትማ ብዙ ጊዜ ሐኪሙም የሚያዘው ጠባብ ቦታና እረፍት ነው።

ግን መተው ማለት መርሳት አይደለም። የወፍ አጥንት በጣም ቶሎ ነው የሚገጥመው፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ጨርሶ ይጠነክራል፣ ጠማማ ሆኖ ከገጠመ ማንም አያቃናውም። ስለዚ ስብራት የጠረጠራችሁት በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ቀን ነው መታየት ያለበት፣ "ሳምንት አይቼ" ሲባል አለቀ። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ በዛው ሰዓት።

ቁስል ከሆነ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሞላ ያላለ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ በሱ እጠቡት፣ የሚደማውን በንፁህ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። ቫዝሊንና ቅባት ያለው መድኃኒት ላባ ላይ እንዳይደርስ፣ ቅባት የነካው ላባ ብርድና ዝናብ አይከለክልም። የሰው ማስታገሻ በፍፁም። እግሯ ላይ ክር ወይ ፀጉር ተጠምጥሞ ካገኛችሁ፣ በከተማ ርግቦች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ለብ ባለ ውሃ አርሳችሁ በትንሽ መቀስ እየቆረጣችሁ አውጡ፣ ጠልቆ ሥጋ ከገባ ግን ለሐኪም ተዉት።

ቤት ወይስ ሐኪም

መስኮት ገጭታ የደነዘዘች፣ ደም የሌላት፣ ክንፏ እኩል የሆነ ርግብ ጨለማ ካርቶን ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አርፋ ደጅ ላይ ሲከፈትላት ብር ትላለች፣ ሐኪም አያስፈልጋትም። እስኪመሽ ካልተነሳች አሳድሯትና ጠዋት ውሰዷት።

ድመት የነካት ግን ቁስል ባይታይም የሐኪም ናት። የድመት ጥርስ እንደ መርፌ ነው፣ ቀዳዳው በላባ ስር አይታይም፣ ድመቷ አፍ ውስጥ ያለው ፓስቸሬላ የሚባል ባክቴሪያ ርግቧ ደም ውስጥ ከገባ በአንድ ሁለት ቀን ይገላታል፣ አንቲባዮቲኩ በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እዚ ላይ ተሞኝቼ አውቃለሁ፣ ደህና ናት ብዬ ስትበላ ሳያት ውዬ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደርቃ አገኘኋት፣ ከሦስቱ ያልዳነችው ሁለተኛዋ፣ ያቺ መስታወቱን የገጨችው ናት፣ እኔ ለረጅም ጊዜ መስታወቱ ነው የገደላት እያልኩ ነበር።

አፏን ስትከፍቱ ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ካለ ትራይኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ነው፣ በውሃና በእህል እቃ ከወፍ ወደ ወፍ ይተላለፋል፣ ለሰው አይተላለፍም፣ መድኃኒት አለው፣ ግን በጣታችሁ አትላጡት ይደማል። አንገቷ ተጠማዞ ወደ ኋላ ከዞረ፣ እህሉን ስትለቅም ጎኑን የምትስት ከሆነ የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ከመርዝም ከጭንቅላት ምትም ይመጣል፣ ከፓራሚክሶ ቫይረስም። ቫይረሱ ከሆነ ለሳምንታት እየተረዱ የሚድኑ አሉ፣ እህሉን ጥልቅ ሰሃን ሞልታችሁ ስትሰጧት ስታም ቢሆን ታገኘዋለች። በማንኛውም ሁኔታ ግን ዶሮ ወይ ሌላ ወፍ ካላችሁ በሌላ ክፍል፣ በሌላ እቃ፣ እነሱን መጀመሪያ አይታችሁ እሷን መጨረሻ። "ብቻዋን ትደብራታለች" ብሎ ጓደኛ ማስገባት ለዚ ነው የማይሆነው።

ለራሳችሁም አስቡ። ሲታኮሲስ የሚባል ከወፍ ወደ ሰው የሚመጣ የሳንባ በሽታ አለ፣ ብዙም አያጋጥምም ግን የደረቀ ኩስ አትጥረጉ፣ በውሃ አርሳችሁ አንሱ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከመኝታ ቤት አርቋት። በኋላ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ለሐኪማችሁ ወፍ ይዤ ነበር በሉ። በብዙ አገር ደሞ የዱር ወፍ በሕግ ስለሚጠበቅ ፈቃድ ያለው ተንከባካቢ ካለ ለሱ ማስረከቡ ይቀድማል፣ የናንተ ቤት እስከዛ ድረስ ነው።

መልቀቅ ወይስ ማቆየት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትቀርቧት ክንፏን አንስታ እጃችሁን በጥፊ የምትል ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ የርግብ ጥፊ የጤና ምልክት ነው። ግን አንዴ ከወለል ወደ ወንበር መዝለል መብረር አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ከመሬት ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ ላይ መውጣት፣ መዞር፣ የፈለገችው ቦታ ላይ ሳትወድቅ ማረፍ፣ ይሄን ለጥቂት ቀናት ደጋግማ ሳታለከልክ ማድረግ አለባት። ስትቆም ሁለቱም ክንፎች እኩል ሆነው ጀርባዋ ላይ ይታጠፉ። ከዚ ያነሰ ከሆነ አንድ ሳምንት ጨምሩላት፣ ቸኩላችሁ የለቀቃችኋት የጭልፊት ቁርስ ናት።

ክንፏ ለዘላለም የተበላሸ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፣ ከልጅነቷ ሰው ጋር ያላደገች ትልቅ የዱር ርግብ ኬጅ ውስጥ ደስተኛ ሆና ስትኖር እኔ አላየሁም፣ ሰፊ የወፍ ቤት ያለው ፈቃድ ያለው ሰው ካለ እሱ ጋር ትሂድ። እናንተ ጋር ከቀረች ግን ቀጥታ ፀሐይ ትፈልጋለች፣ በመስታወት ውስጥ ያለፈ ፀሐይ ቪታሚን ዲ አይሰራላትም።

ለምትለቀቀው፣ ጠዋት ይሁን፣ ዝናብ የሌለበት፣ በተቻለ መጠን የተገኘችበት ቦታ፣ ውሃና እህል የት እንዳለ የምታውቀው እዛ ነው፣ ጓደኞቿም እዛ ናቸው። ወደ ሰማይ አትወርውሯት፣ ፊልም አይደለም። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ክዳኑን ክፈቱና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ሦስተኛዋ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ወጥታ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ኩሷን እዛው ካርቶኑ ላይ ጣል አደረገችና ሄደች። ካርቶኑን አብሬ ጣልኩት፣ የውሃ እቃውን በፈላ ውሃ አጠብኩት።